የ«ሴ» ቀለበት

ማክሰኞ ማታ ነው። ቡናው በረካው ወጥቶ እናቴ ረከቦቱን እያነሳች ነው። ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ በቴሌግራም ስክሪንሾት ልኮልኛል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ይሄ ያንቺ መሥሪያ ቤት አይደል? ከምበልቸ የሚባል ከተማ የት ነው ያለው?»

ከፍቼ አየሁት። የምሠራበት ድርጅት አፕ ላይ ከተማ የሚመረጥበት ዝርዝር ነው። ኮምቦልቻ እውነትም «ከምበልቸ» ሆናለች። ባቲ «በተ» ተብላለች። አዲስ አበባ «አደስ አበበ» ሆና የሰው ስም መስላለች። የኔዋ ደሴ ደግሞ «ደሰ»። ቀለበቷ የለም።

ሳቅኩ። ለእናቴም አሳየኋት። መነጽሯን አላደረገችም፤ እኔ ስስቅ አይታ አብራኝ ሳቀች። ከዚያ ክው አልኩ። ይሄን ስህተት ከ3 ሳምንት በፊት አይቼዋለሁ። ያውም ተጠይቄ «ጥሩ ነው» ብያለሁ።

ነገሩ ዓመት አልፎታል። ድርጅቱ አስተካክሎታል፣ የሚያስታውሰው ሰውም ያለ አይመስለኝም። እኔን ግን አልለቅ ብሎኛል።

## ብሩሽ አጣቢዋ

በሕይወቴ 2 ጊዜ ተለማማጅ ሆኛለሁ። መጀመሪያ ደሴ ፒያሳ አንድ ታፔላ ጻፊ ዘንድ። ቀጥሎ ስሙን ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ፣ በዲዛይን። የድርጅቱን ስም አልጽፈውም። የፈረምኩት ወረቀት ከሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ይረዝማል።

ታፔላ ቤት የገባሁት 8ኛ ክፍል ጨርሼ በክረምቱ ነው። እጅ ጽሑፏ ያምራል ተባለና አባቴ ወስዶ ለጋሼ ሰጠኝ። «ቤት ከምትቀመጥ ትልመድ» አለ። የመጀመሪያውን ወር ብሩሽ በቤንዚን ሳጥብ ከረምኩ። ሁለተኛውን ወር ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ። ጋሼ ማስረዳት የሚባል ነገር አያውቁም። እሳቸው ይሠራሉ፣ ተለማማጅ ያያል። ጥያቄ ስጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እዪ»።

እኔም አየሁ። ጋሼ ፊደል ከመጀመራቸው በፊት ጠመኔ የጠጣ ክር ወጥረው ላሜራው ላይ 2 መስመር ይመታሉ። የላይኛው ለራስ፣ የታችኛው ለእግር። ከታችኛው መስመር በታች ግን ሁልጊዜ 2 ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ባለሱቆቹ በዚህ ይጨቃጨቋቸዋል። ላሜራውን የገዙት እነሱ ናቸው፤ ጽሑፉ ጎላ ብሎ እስከ ጠርዙ እንዲሞላላቸው ይፈልጋሉ። ጋሼ አይሰሙም። «ፊደል የሚቆመው በእግሩ ነው» ይላሉ። «ለእግሩ ቦታ ካልተውክለት ይወድቃል።»

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ታፔላ ብቻዬን እንድጽፍ ሰጡኝ። «ዳቦ ቤት»። ተጠብቤ ጻፍኩት። የታችኛውን መስመር ዝቅ አድርጌ መትቼው ስለነበር የእንጨት ፍሬሙ ሲመታ የ«ቤ»ን ቀለበት ሸፈነው። «ዳቦ በት» ሆነ። ጋሼ አልተቆጡም፣ አልሳቁም። ጨርቅ ቤንዚን ነክረው ከዳር እስከ ዳር ጠረጉትና «እንደገና» አሉ። ያን ቀን ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይሄን የማወራው ለምን እንደሆነ ከታች ይገባችኋል።

## ደብሊን በቧንቧ ውሃ

ሁለተኛው ተለማማጅነቴ 12 ወር ነበር፣ ከቤቴ ሆኜ። ቡድኑ ያለው ደብሊን ነው። እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር፣ ጉም ካልሸፈነው የጦሳን ተራራ በሚያሳይ መስኮት ሥር። የነሱ ጠዋት የኛ ምሳ ሰዓት ነው። በመጋቢት ሰዓታቸውን ወደፊት ሲያዞሩ የ7 ሰዓቱ ስብሰባ ወደ 6 ሰዓት ይመጣል፤ እናቴም የሽሮዋን ሰዓት አብራ ታዞራለች። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን አዝዬ በሚኒባስ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ጋ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ በጃኬት ተነስቼ ኮምቦልቻ የምወርደው በቲሸርት ነው።

ትምህርቱ ሸጋ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ሥራውን የምታስተምረኝ ሜንተር ተመደበችልኝ። ጣት የሚነካው ነገር ከ48 ዲፒ (የስክሪን መለኪያ ነው) ማነስ እንደሌለበት፣ ይሄም ስልኩ ላይ ሲለካ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የጽሑፉና የጀርባው ቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ካልሆነ ዓይኑ ደከም ያለ ሰው እንደሚቸገርም ነገረችኝ። እናቴን እያሰብኩ ጻፍኩት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ፊግማ በሚባለው የዲዛይን መሥሪያ ፕሮግራም ላይ የአይኮን ስም ሳስተካክል አሳለፍኩ። ብሩሽ ማጠብ በለው። አልከፋኝም፣ ለምጄዋለሁ።

ግራ ያጋባኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ያላለቀ ሥራ ያሳያሉ። ሐሙስ ሐሙስ «ክሪቲክ» የሚሉት ስብሰባ አለ። 15 ዓመት የሠራ ሰው ግማሹ ባዶ የሆነ ፋይል ከፍቶ «እዚህ ጋ ጠፍቶብኛል፣ ምን ትላላችሁ?» ይላል። ሌላው ተነስቶ «እኔ አልገባኝም» ይለዋል። እሱ «አሪፍ፣ ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ማንም አይቀየምም። እኔ ጥሬ ወጥ ለእንግዳ ሲቀርብ የማይ ነው የመሰለኝ። የራሴን ሥራ ሌሊቱን ሳሽሞነሙን አድሬ፣ ካላለቀ አላሳይም። ሜንተሬ «ከማለቁ በፊት አሳዪኝ፣ ካለቀ በኋላ ምን ልርዳሽ?» ትለኝ ነበር። እሺ እላለሁ። አላሳይም።

## 4 ሰከንድ

ያ ሐሙስ የመጣው በተለማማጅነቴ 3ኛ ወር ነው። አፑ ላይ አማርኛን ጨምሮ አዳዲስ ቋንቋዎች ሊገቡ ነው። የዝርዝር ሳጥኑን የሠራው ከቡድኑ ሁሉ አንጋፋ የሆነው ዲዛይነር ነው። የሚያቀርበውም እሱ ነበር። ስክሪን ላይ 11 ሰው አለ። እኔ ኢንተርኔቱ እንዳይቆራረጥብኝ ካሜራዬን አጥፍቻለሁ።

ፊግማ ላይ የቀረበው ሥዕል ያምራል። ደሴ ከነቀለበቷ ቁጭ ብላለች። እኔ ግን ከአንድ ቀን በፊት የሙከራውን አፕ በዚያች ርካሽ ስልኬ ላይ ጭኜው ነበር። እዚያ ላይ ደሴ «ደሰ» ናት።

ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ገብቶኛል። ሳጥኑ የተሠራው ላቲን ፊደል ታስቦ ነው፣ ቁመቱም ተቆልፏል። ጭራ ላላቸው ጥቂት የላቲን ፊደሎች የሚበቃ ቦታ ከታች አለው። ስልኩ ግን የድርጅቱ ፎንት ውስጥ የኛን ፊደል ሲያጣ ወደ ሌላ ፎንት ይዞራል። ያ ፎንት መስመሩ ረዘም ይላል፣ ጽሑፉን ወደ ታች ገፋ ያደርገዋል። የተቆለፈው ሳጥን የተረፈውን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው የጤፍ ፍሬ ቢያህል ነው። የእንግሊዝኛ ቃል ከሥሩ የጤፍ ፍሬ ቢነሳበት ይነበባል። የኛ ፊደል ግን ብዙ ጊዜ አናባቢውን የሚይዘው እግሩ ላይ ነው። «ቢ» እና «ቤ» ከ«በ» የሚለዩት በእግራቸው ጫፍ ነው። «ባ» እና «ቦ» የሚለዩት የትኛው እግር ረዘመ በሚለው ነው። ከታች እኩል ከቆረጥካቸው ሁሉም «በ» ይሆናሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደሎች ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት መዝገብ ውስጥ፣ ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮምፒውተር ያውቀዋል። ማወቅ ሌላ፣ ለእግሩ ቦታ መተው ሌላ።

አቅራቢው ጨረሰ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ በዚያች ትንሽ የጭብጨባ ምልክት። ሜንተሬ ስሜን ጠራችና «አንቺ አማርኛ ታነቢያለሽ። እነዚህ እንዴት ናቸው?» አለች።

እዚህ ጋ ልቁም። ብዙ ጊዜ የምመለሰው እዚህ ጋ ነውና።

ማይኩን ለማብራት 1 ሰከንድ ፈጀብኝ። በሁለተኛው ስልኬን አየሁት፣ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ «ደሰ» እንደሚል አውቃለሁ። በሦስተኛው የአንጋፋው ሰውዬ ፊት ታየኝ። ፈገግ ብሎ እየጠበቀ ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንቴ የከተማዬን ስም በትክክል ለመጥራት 3 ጊዜ የሞከረ ሰው ነው። በ11 ሰው ፊት «ሥራህ ተበላሽቷል» ልለው ነው? እኔ፣ አይኮን ስም የማስተካክለው? ደግሞ ስህተቱ የኔ ስልክ ችግር ቢሆንስ? በአራተኛው ሰከንድ አፌ ራሱ መለሰ።

«ጥሩ ናቸው። ያምራሉ።»

«ግሩም» አለች ሜንተሬ። ወደሚቀጥለው ተሻገሩ። የሚያሳፍረው ነገር፣ እፎይ ማለቴ ነው። ሽሮዬን በላሁ።

## «ዝም አይነቅዝም»

የአክስቴ ልጅ ስክሪንሾት በመጣ ማግስት ለሜንተሬ ነገርኳት። አፑ ገና ለ1 በመቶ ተጠቃሚ ነበር የተለቀቀው። ከዚያ 1 በመቶ ውስጥ የአክስቴ ልጅ መገኘቱን ዕድል በሉት እርግማን አላውቅም። ሥዕሉን አየችና «ይሄ ምን ማለት ነው?» አለች። አስረዳኋት። ሁለት «ደሴ» ጎን ለጎን ጽፌ ቀለበቱን በቀይ ከበብኩላት።

«መቼ አየሽው?»

ትናንት ማታ ብላት አበቃ። ውሸትም አይሆንም፣ ስክሪንሾቱን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። ግን «ያን ሐሙስ» አልኳት። «ከስብሰባው በፊት።»

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትጨምር እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ላነበው አልችልም። ከዚያ ሁሉ ሰው ከአንቺ በቀር ማንም አይችልም። ለዚያ ነው የጠየቅኩሽ።» ብትጮህብኝ በስንት ጣዕሙ።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ብዙ ምክንያት ደረደርኩ። ዋናው ባህል ነው። እኛ ትልቅ ሰው በሰው ፊት አናርምም፣ ጨዋ ልጅ አፏን ትሰበስባለች፣ እናቴም «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ምክንያቱ ደስ ይላል፣ ሲነገርም ያምራል። አንድ ጓደኛዬ ቡና እየጠጣን ሰምታኝ «እውነት ነው፣ አስተዳደጋችን ነው» አለችኝ። ሁለታችንም በአስተዳደጋችን አዘንን።

ግን ነገሩ አልዋጥ አለኝ። «ዝም አይነቅዝም» የምትለው እናቴ እኮ ናት፣ ቀሚሷ ጠቦ የመጣ ዕለት ልብስ ሰፊውን በገበያተኛ ፊት አስፈትታ እንደገና ያሰፋችው። ሰኞ ገበያ ሚዛን ሲያጎድሉባት ዝም ስትል አይቻት አላውቅም። የወሎ ሰው ቡና ላይ ተቀምጦ ዝም ይላል ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። እዚሁ አገር «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ተረቱን መርጬ ነው የወሰድኩት፣ የሚመቸኝን።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የፈራሁት ሰውዬውን ማዋረድ አልነበረም። ራሴን ነው የፈራሁት። እዚያ ስብሰባ ውስጥ በስህተት የገባሁ ነበር የሚመስለኝ፤ ድምፅ ካሰማሁ አንድ ሰው ዞር ብሎ «ይቺ ማን ናት?» የሚል። ፍርሃቴ ደግሞ ነጠላ ለብሶ ሲመጣ ጨዋነት መሰለኝ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ የገባውን ማንንም ስለማይጠየፍ። በልጅነቴ በዚያ በኩል ሳልፍ ስሙ ደስ ይለኝ ነበር። የሐሙሱ ስብሰባም አልተጠየፈኝም። ጠርተው፣ አስቀምጠው፣ በስሜ «ብዪ» አሉኝ። ሳልበላ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ ለብቻዬ አልሸከምም። አንድ ቋንቋ ለሚሊዮኖች ሲለቀቅ አንባቢው አንዲት ተለማማጅ ብቻ መሆኗ ራሱ ጉድ ነው። ተርጓሚዎቹ ቃሉን የሚያዩት ሠንጠረዥ ላይ ነው፣ ስልክ ላይ አይደለም። ይሄንንም ለሜንተሬ ነገርኳት፣ በዚያው ሳምንት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካሜራው ግን በርቶ ነበር።

ማስተካከያው የ1 መስመር ኮድ ነው። የተቆለፈው ቁመት ተፈታ፣ ጽሑፉ ሲረዝም ሳጥኑ አብሮ እንዲረዝም ሆነ፣ ከላይና ከታችም ባዶ ቦታ ተጨመረ። ያን ባዶ ቦታ «ፓዲንግ» ይሉታል። ስሙን ከመስማቴ በፊት ፒያሳ ላይ በ2 ጣት ስለካው ከርሜያለሁ። አንጋፋው ዲዛይነር ራሱ ደወለልኝ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ እኔም ይቅርታ ልጠይቀው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «ሌላ የትኞቹ ፊደሎች ናቸው እግር ያላቸው?» ብሎ ጀመረ። 1 ሰዓት ሙሉ ፊደል ቆጠርን፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ»።

## ጋሼ ዘንድ

ጋሼ አሁንም እዚያው ፒያሳ ናቸው። ሥራው ግን አንሷል። ባለሱቁ ሁሉ ባነር ነው የሚያሳትመው፤ በ1 ቀን ይደርሳል፣ ፎቶም ይገባበታል። ለሳቸው የቀረው ባጃጅና የአይሱዙ ኋላ ነው። አልፎ አልፎም ባነሩ በፀሐይ የነጣበት ባለሱቅ ላሜራ ይዞ ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ባጃጅ ላይ አጎንብሰው «አብሽር» የሚል እየጻፉ ነበር። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ደብሊንን፣ ስብሰባውን፣ ሰውዬውን፣ ዝምታዬን። ሳስበው፣ እሳቸው ዘንድ የሄድኩት እንዲያጽናኑኝ ነው። «እዪ» እያሉ ያሳደጉኝ እሳቸው አይደሉ? ተለማማጅ አይናገርም የሚለውን ከሳቸው የተሻለ ማን ይፈርድልኛል?

ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ አሳረፉ።

«ፊደሉ ሲወድቅ እያየሽ?» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ ቤት ያየሽውን እያወቅሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እዪ ያልኩሽ እኮ» አሉና ተዉት። ወደ ባጃጁ ዞረው የ«ሽ»ን ጫፍ ጨረሱ። ባለባጃጁ ልጅ ሁለታችንን እያፈራረቀ ያያል፣ ምን እንደተጣላን አልገባውም።

ቆይተው «እስቲ አሳዪኝ» አሉ።

የድሮውን ስክሪንሾት ከፈትኩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ከምበልቸ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ባለባጃጁም መጥቶ አየና እሱም ሳቀ። ከዚያ አዲሱን ከፈትኩላቸው፣ የተስተካከለውን። ደሴ ከነቀለበቷ፣ ከሥሯም ባዶ ቦታ።

እሱ ላይ ግን ብዙ ቆዩ። ቀለም በነካው አውራ ጣታቸው ስክሪኑን ሊያጎሉት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፣ እኔ አጎላሁላቸው።

«ቀለበቱ ጠብቧል» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ውስጡ ሊደፈን ነው። ከሩቅ ጥቁር ነጥብ ነው የሚመስለው። ሽማግሌ አያነበውም።» ስልኩን መለሱልኝ። «ቦታውስ ጥሩ ነው። ቀለበቱ ግን ጠብቧል።»

ልክ ናቸው። በዚያ መጠን ሲታይ ውስጡ ሊደፈን ምንም አልቀረውም። እኔም አላየሁትም ነበር፣ 1 ሰዓት ፊደል የቆጠረው ሰውዬም አላየውም።

ተራዬ እስኪደርስ አልጠበቅኩም፣ እስከ ሐሙስም አልቆየሁም። እዚያው በርጩማው ላይ ሆኜ ለሜንተሬ ጻፍኩላት፦ «የ‹ሴ› ቀለበት በትንሹ መጠን ይደፈናል። ሌላ ፎንት ወይም ትልቅ መጠን ያስፈልገናል። አንድ ሰው አሁን አሳየኝ።»

ቅዳሜ ነው፣ ትመልሳለች ብዬ አላሰብኩም። ጋሼ የ«ር»ን ራስ እየሳሉ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ማን ነው እሱ?» ትላለች።